ጥቂት ውሃ የሚበቃው የአጥር ጌጥ

በአሥመራ በቪላዎቹ አጥር ላይ፥ በከረንና በምጽዋም በየግቢው ግንብ ላይ፥ ሐምራዊና ቀይ ሆኖ የሚንዠረገገውን ሐረግ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ስሙም ቡገንቪልያ ይባላል። ነገር ግን ብዙ ሰው ይህን ሐረግ ተክሎ ቅጠል ብቻ ሲበዛበትና አበባ ሲነፍገው ይታያል። የዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ቸልታ ሳይሆን ከልክ ያለፈ እንክብካቤ ነው።

የቡገንቪልያ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1767 ዓ.ም. ፈረንሳዊው መርከበኛ ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ዓለምን ለመዞር በተነሣበት ጉዞ፥ የዕፀዋት ሊቅ የነበረው ፊሊቤር ኮሜርሶን ይህን ተክል በብራዚል በሪዮ ደ ጃኔሮ አጠገብ አገኘው፤ ስሙም ከጉዞው አዛዥ ስም ተወሰደ። ከሊቁም ጋር የወንድ ልብስ ለብሳ በረዳትነት ታገለግል የነበረችው ዣን ባሬ፥ ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗ በታሪክ ተመዝግቧል።

ተመልካች አበባ ነው ብሎ የሚያደንቀው ባለ ቀለሙ ክፍል በእውነቱ አበባ ሳይሆን መልኩን የለወጠ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በሦስቱ ባለ ቀለም ቅጠሎች መካከል የሚታየው፥ ትንሽና ነጣ ያለ፥ እንደ ቱቦ የረዘመው ነው።

ተክሉን ለማባዛት የሚሻ ሰው የእርሳስ ውፍረት ያለውን የጠነከረ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ይቈርጣል፤ ቅጠሉንም አንሥቶ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር በጣሳ ውስጥ ይተክለዋል። ሥር እስኪያወጣ ድረስ ጥላ ባለበት ስፍራ እርጥበቱ ሊጠበቅለት ይገባል። ወደ ቋሚ ስፍራው ሲዛወር ግን ሥሩ ቀጭንና በቀላሉ የሚበጠስ ስለ ሆነ፥ ጣሳው ተቀዶ ከነአፈሩ በጥንቃቄ ወደ ጕድጓዱ ይወርዳል።

የሚተከልበት ስፍራ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። በምጽዋ ሙቀቱ ይስማማዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአሥመራ ግን የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ፥ የቀኑን ሙቀት በሚይዝ ግንብ ሥር መትከል ይበጃል። ሐረጉ በራሱ ከግንብ ጋር ስለማይጣበቅ በሽቦ ይታሰር። እሾኹም ስለታም ስለ ሆነ ልጆች ከሚሯሯጡበት መተላለፊያ ይራቅ።

ዋናው ነገር የውሃው አሰጣጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሥሩ እስኪጠነክር ድረስ ውሃ አይጓደልበት። ከዚያ በኋላ ግን የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ፥ በጥልቀት እንዲገባ ሆኖ አልፎ አልፎ ይጠጣ። ውሃና ፍግ የበዛለት ቡገንቪልያ ቅጠሉን ያበዛል እንጂ አያብብም፤ ውሃ በሚቋጥር አፈር ላይ ከቈየም ሥሩ ይበሰብሳል። ጥቂት ጥማት ሲያገኘው ግን በአበባ ይሸፈናል። አበባው የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለ ሆነ፥ አንዱ የአበባ ጊዜ ሲያልፍ መከርከም ይገባል።

ይህ ጠባዩ በዚህ አገር ትልቅ ትርጕም አለው። በአሥመራ ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የደረቅ ወቅት ረጅም ነው። ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ በሚመጣበት ቤት አንዲቱ ባልዲ ለልጆች መጠጥ ትሁን ወይስ ለአትክልት የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። እናት በድካም ያመጣችውን ውሃ በየማታው የሚጠጣ አበባ ውበቱ በቤተሰቡ ጕሮሮ የተገዛ ነው። ቡገንቪልያ ግን ሥር ከሰደደ በኋላ ከዚህ ክርክር ያሳርፋል፤ ጎመን የታጠበበት ውሃ እንኳ አልፎ አልፎ ቢደርሰው ይበቃዋል።

«ሲበዛ ማርም ይመራል» ይባላል። አትክልተኛም ሐረጉን ከወደደ እጁን ይሰብስብ፤ ውሃውን ለሰው ያስቀር፤ አጥሩም ያኔ ያብባል።