አንድ ቦታ፣ ብዙ አድራሻ፦ የምድር መረጃ የጋራ ደረጃ ለምን ያስፈልገዋል?

ሁለት ባለሙያዎች የአንድን የውኃ ጉድጓድ ቦታ መዝግበው ለአንድ መሥሪያ ቤት አቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ቦታውን ያነበበው በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ከታተመ የ1፡50,000 ካርታ ላይ ነው። ሁለተኛው በጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ተጠቅሟል። ሁለቱም በጥንቃቄ ሠርተዋል፤ ካርታውም መሣሪያውም እንከን የለባቸውም። ይሁንና ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ላይ ሲሰፍሩ ጉድጓዱ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ በመካከላቸውም ከ200 ሜትር የሚበልጥ ርቀት አለ። ለመሆኑ የተሳሳተው ማን ነው? መልሱ «ማንም አልተሳሳተም» የሚል መሆኑ ብዙዎችን ያስገርም ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ነገር ምክንያት፣ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የሚያስከትለውን ችግርና መፍትሔ ለማግኘት የተደረጉትን ጥረቶች ባጭሩ ለማየት እንሞክራለን።

ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ ተቆጠረ?

ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም። በራሷ ዛቢያ ላይ ስለምትሽከረከር በምድር ወገብ በኩል ትሰፋለች፤ ከማዕከሏ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት እስከ ዋልታ ካለው በ21 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ቀያሾች ኬክሮስንና ኬንትሮስን የሚያሰሉት «ኤሊፕሶይድ» በሚባል፣ ከላይና ከታች በጥቂቱ በተጨፈለቀ የሒሳብ ቅርጽ ላይ ነው። የዚህ ቅርጽ መጠን ስንት ይሁን? በእውነተኛዋ ምድር ላይስ እንዴት ይቀመጥ? ይህን የሚወስነው ስምምነት «ዳተም» ይባላል።

ሳተላይት ባልነበረበት ዘመን ቀያሹ የምድርን ማዕከል በቀጥታ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። በመሆኑም አንድ ነጥብ ይመርጥና ከዋክብትን በማየት የነጥቡን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይወስናል፤ ኤሊፕሶይዱንም እዚያው ላይ «ያስራል»። ነገር ግን የቱንቢው ገመድ በአቅራቢያው ባሉ ተራሮችና በምድር ውስጥ ባለው የጥግግት ልዩነት ሳቢያ በጥቂቱ ያዘነብላል። ከዚህ የተነሣ የኤሊፕሶይዱ ማዕከል ከምድር ማዕከል በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ሊርቅ ይችላል። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚጠቀምበት ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 የተባለው ዳተም ግን መነሻው የምድር የመጠነ ቁስ ማዕከል ነው፤ ሳተላይቶች የሚዞሩት ይህንኑ ነጥብ ነውና።

የአገራችን ነባር ካርታዎች የተመሠረቱበት ዳተም አዲንዳን ይባላል። ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ፣ በኑቢያ ምድር ከተመረጠው መነሻ ነጥብ ነው። የቅየሳ መረቡ ወደ ኢትዮጵያ የተስፋፋው ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በዓባይ ተፋሰስ በተካሄደው ቅየሳ ሲሆን፣ ኤሊፕሶይዱ «ክላርክ 1880» የተባለው ነው። የዚህ ኤሊፕሶይድ ማዕከል ከደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 ማዕከል 260 ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ርቀት ከሁለቱ ኤሊፕሶይዶች የመጠን ልዩነት ጋር ተዳምሮ፣ በአዲስ አበባ አካባቢ በካርታው መረብ ቁጥሮች ላይ ወደ ምሥራቅ 95፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 200 ሜትር ያህል ልዩነት ይፈጥራል።

ልዩነቱ ተራ ነገር እንዳይመስለን። አንድ ሄክታር ስፋት ያለውና አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ማሳ የአንዱ ጎኑ ርዝመት 100 ሜትር ነው። ስለዚህ ዳተሙ ያልተጻፈበት የይዞታ መዝገብ የአንዱን ገበሬ መሬት ሁለት ማሳ አሻግሮ በሌላው ገበሬ መሬት ላይ ሊያሳርፈው ይችላል።

ድንበር ሲሻገር

ችግሩ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ይብሳል። ኢትዮጵያና ሱዳን አዲንዳንን፣ ኬንያና ታንዛኒያ አርክ 1960ን፣ ሶማሊያ አፍጎዬን፣ ኤርትራ ደግሞ የምፅዋን ዳተም መሠረት ያደረጉ ካርታዎችን ወርሰዋል። ኤሊፕሶይዶቹም ቢሆኑ አንድ አይደሉም፤ የምፅዋው ቤሰል 1841፣ የአፍጎዬው ክራሶቭስኪ 1940 ነው። እያንዳንዱ ምርጫ የየዘመኑን ቀያሾች እንጂ የጎረቤታሞችን ምክክር አያንጸባርቅም።

ሞያሌን እንውሰድ። የአዲንዳንና የአርክ 1960 ማዕከሎች ከምድር ማዕከል በተቃራኒ ወገን፣ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ተገፍተው ይገኛሉ። በመሆኑም በሞያሌ ያለ አንድ ነጥብ በሁለቱ ዳተሞች የሚኖሩት አድራሻዎች በ500 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ የሚዘልቀውንና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር የመሰለ ሥራ ሲታቀድ፣ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው በአንድ መነሻ ካልተስማሙ መስመሩ በወረቀት ላይ ድንበሩ ዘንድ ተቆርጦ ይቀራል።

መሬቱም ባለበት አይቆምም

በመነሻ ነጥብ መስማማት ብቻውን አይበቃም። አብዛኛውን አፍሪካ የተሸከመው የኑቢያ ሰሌዳ በዓመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል፤ ይህም በ40 ዓመት 1 ሜትር ማለት ነው። ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ሰሌዳ ደግሞ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትሮች ከኑቢያ ይርቃል። አንዳንዴም ለውጡ ድንገተኛ ነው። በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ቅርፊት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ስለዚህ የተሟላ መዝገብ ልኬቱ የተወሰደበትን ቀንም መያዝ ይኖርበታል።

የጋራ ጥረቶች

የላቲን አሜሪካ አገሮች ይህን ችግር በኅብረት ለመፍታት ቀደም ብለው ተነሥተዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. በፓራጓይ ዋና ከተማ በአሱንሲዮን ተሰብስበው «ሲርጋስ» የተባለውን የጋራ የማጣቀሻ ሥርዓት መሠረቱ፤ በ1995 ደግሞ በ58 ነጥቦች ላይ የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ተክለው በአንድ ዘመቻ ለኩ። ብራዚል ሥርዓቱን በ2005 በይፋ ተቀብላ ለመሸጋገሪያ 10 ዓመት ሰጠች፤ ከ2015 ጀምሮ ብቸኛው ሕጋዊ ሥርዓት ሆነ። በዚህ ጊዜ ነባሩ መረጃ አልተጣለም፤ በስሌት ወደ አዲሱ ሥርዓት ተዛወረ እንጂ።

አፍሪካም የራሷ ጥረት አላት። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንድሆክ መግለጫ «አፍሬፍ» ለተባለው የአፍሪካ የማጣቀሻ ሥርዓት መሠረት ጥሏል፤ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም ጉዳዩን ሲያስተባብር ቆይቷል። ግቡ ማንኛውም ተጠቃሚ ከአንድ ቋሚ የሳተላይት መቀበያ ጣቢያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ መረጃውን በነጻ እንዲያገኝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. አገሮች የልኬት መረጃቸውን እንዲጋሩ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል። ቋሚ ጣቢያ ኤሌክትሪክ፣ የመገናኛ መስመርና ጥገና ይፈልጋል። በእኛ አስተያየት ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን መረጃውን ለጎረቤት የመክፈት ፈቃደኝነት ነው።

የመረጃው መረጃ

ለአንበጣ መንጋ 200 ሜትር ብዙ አይደለም። ከ2019 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካን አገሮች ያጠቃው የበረሃ አንበጣ ወረራ ግን ሌላ ዓይነት ስምምነት ይጠይቅ ነበር፤ በየአገሩ የተሰማሩ አሳሾች ምን እንዳዩ፣ መቼና የት እንዳዩ በአንድ ዓይነት ቅጽ መመዝገብ ነበረባቸው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለዚህ ሥራ ባዘጋጀው «ኢሎከስት» አማካይነት የልዩ ልዩ አገሮች ምልከታ በአንድ ካርታ ላይ ሊሰፍር ችሏል።

ስለ መረጃው የሚሰጥ እንዲህ ያለ መግለጫ «ሜታዳታ» ይባላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ2003 እ.ኤ.አ. አይ.ኤስ.ኦ. 19115 የተባለውን ደረጃ አውጥቶለታል። የቦታ ስም አጻጻፍም የዚሁ አካል ነው። ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር ለእኛ አንዲት ከተማ ናት፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ከተሞች ናቸው።

ከዚህ የምንረዳው የጋራ ደረጃ ለባለጸጋ አገሮች ብቻ የሚገባ ቅንጦት አለመሆኑን ነው። ገንዘቡ የበዛለት አገር የጠፋውን ልኬት ደግሞ ይለካል፤ ገንዘቡ ያነሰው ግን አንድ ጊዜ የለካውን ለብዙ ጊዜና ለብዙ ሥራ ማዋል አለበት። ተማሪዎቻችንም ጣቢያ እስኪተከል ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። ካርታ ሲያነቡ በኅዳጉ ላይ የተጻፈውን ዳተም ይመልከቱ፤ ቦታ ሲመዘግቡም ከቁጥሮቹ ጎን ዳተሙን፣ የመረቡን ቀጠና፣ ቀኑንና መሣሪያውን ይጻፉ። ዳተም የሌለው አድራሻ መለኪያ አሃዱ ያልተጻፈለት የፊዚክስ መልስ ማለት ነው፤ ቁጥሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ነጥብ አያሰጥም።