የሐረና ቡና መራራ ጋሻ

ከጎባ ተነሥተን የሳነቴን አምባ አቋርጠን ወደ ደቡብ ስንወርድ የሐረና ደን ይቀበለናል፤ በዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ለመሆኑ ከጠላቱ መሸሽ የማይችለው ይህ ተክል ራሱን በምን ይጠብቃል?

ከመከላከያዎቹ አንዱ ካፌይን የተባለው አልካሎይድ ነው። በእያንዳንዱ የካፌይን ሞለኪውል ውስጥ አራት የናይትሮጅን አቶሞች አሉ። ናይትሮጅን ለተክል ውድ ሀብት በመሆኑ ወጪው በከንቱ አይደለም፤ ነፍሳት በቀላሉ ሊበሏቸው የሚችሉት ለጋ ቅጠሎች በካፌይን የበለጸጉ ናቸው። ተክሉ ዛንቶሲን ከተባለ ውህድ ተነሥቶ፣ በኤንዛይሞች አማካይነት ሦስት የሜቲል ቡድኖችን በየተራ እየጨመረ፣ በመጀመሪያ ቲኦብሮሚንን፣ በመጨረሻም ካፌይንን ይሠራል። የተሠራው ካፌይን በሕዋሱ ቫኪዩል ውስጥ ከክሎሮጄኒክ አሲድ ጋር ተጣምሮ ይከማቻል።

ይህ ሂደት ግን በሁሉም የቡና ተክል አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ዘር ከበቀሉ ተክሎች መካከል ካፌይን የለሽ ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ የመጨረሻው እርምጃ ስለተስተጓጎለ በተክሎቹ ውስጥ የተከማቸው ቲኦብሮሚን ነበር።

እንዲህ ያለውን ልዩነት ጠብቀው ከሚያቆዩት ስፍራዎች አንዱ እንደ ሐረና ያለ ደን ነው። ደኑ ተመንጥሮ ቡናው ሳይመረመር ቢጠፋ፣ የጠፋውን ዘር መልሶ የሚያስገኝ ቤተ ሙከራ የለንም።