«ይሄ የእናቴ ድምፅ አይደለም»

እናቴ ካሴቱን ሁለት ደቂቃ ያህል አዳመጠችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስ አድርጋ፣ «ይሄ የእናቴ ድምፅ አይደለም» አለች።

ካሴቱ ግን የአያቴ ነው። ጥር 1986 ዓ.ም. ደሴ ተቀርጾ፣ በመንገደኛ እጅ እዚህ ቨርጂንያ ድረስ የመጣ። ያኔ ስልክ መደወል ውድ ነበር፤ አያቴ ደግሞ መጻፍ አትችልም። ስለዚህ እንደ ብዙ ቤተሰብ ወሬውንም ምርቃቱንም በካሴት ላከች። በዚያው ዓመት አረፈች።

ካሴቱ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። በቅርቡ ያገለገለ ቴፕ ገዝቼ አጫወትኩት። የ11 ዓመቷ ልጄ ቅድመ አያቷን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ድምፅዋን መኮረጅ ጀመረች። ቀጭንና ፈጣን፣ እንደ ወፍ የሚንጫጫ። እናቴ «አይደለም» ስትል የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ልጄ የያዘችው የአያቴን ድምፅ ሳይሆን የተበላሸ ቴፕ ድምፅ ነው።

የካሴት ፍጥነት በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካሴት ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲሄድ ሆኖ ነው የተሠራው። ደሴ የተቀረጸውን ቨርጂንያ ላይ የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ቴፑ ከዚህ ከፈጠነ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል፤ ከዘገየ ድምፁ ይወፍራል። 6 በመቶ ያህል መፍጠን በፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ ወደ ላይ እንደ መውጣት ነው።

ባለሙያዎች ፍጥነቱን የሚለኩት ለዚሁ በተዘጋጀ ካሴት ነው። እኔ የለኝም። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው፤ በ100 ሴኮንድ 476 ሴንቲ ሜትር ክር ማለፍ አለበት። አንድ የማንፈልገው የሙዚቃ ካሴት ወስደን ክሩን አወጣንና ኮሪደሩ ላይ ዘረጋነው። ልጄ በሜትር ለካች፤ መነሻውንና መድረሻውን በትንሽ ማግኔት ነካን። ማግኔት የነካው ቦታ ላይ ሙዚቃው ይቋረጥና «ዷ» የሚል ድምፅ ይሰማል። (የአያቴን ካሴት አስቀድሜ ሌላ ክፍል አስቀምጬዋለሁ። ማግኔት የካሴት ጠላት ነው።) ክሩን በእስክሪብቶ እያዞርን ወደ ቦታው መለስነው። እኔ አጫወትኩ፣ እሷ በስልኳ ሰዓት ያዘች። ከ«ዷ» እስከ «ዷ» 93 ሴኮንድ! ቴፑ ከ7 በመቶ በላይ ይፈጥን ነበር።

በብዙ ቴፖች የሞተሩ ጀርባ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ በውስጧ ፍጥነት የምታስተካክል ትንሽ ብሎን ትገኛለች። ቴፑን ከመብራት ነቅዬ፣ በባትሪ እያሠራሁ፣ በቀጭን ካቻቪቴ ብሎኗን ነካሁ። ካቻቪቴ ብሎን መፍቻ ነው፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። እናንተ ከሞከራችሁት ብሎኗ መጀመሪያ የነበረችበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። እኔ ሳላደርግ ጀምሬ ተጸጽቻለሁ። በጣም ትንሽ ብቻ ነው የሚዞረው፤ 96 ሆነ፣ ከዚያ 104፣ ከዚያ 98። ልጄ ሰልችቷት ልትሄድ ስትል 100 ላይ ቆመ።

ማረጋገጫውን ያገኘሁት ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። የአያቴን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ከድምፅዋ ሥር ስስ «እምምም» አየሁ። አያቴ የቀረጸችበት ቴፕ ግድግዳው ላይ የተሰካ ስለነበር የመብራቱ ድምፅ አብሮ ገብቷል። የኢትዮጵያ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ የአሜሪካው 60። እንዲህ ያለው ድምፅ 50 ወይም እጥፉ 100 ላይ ይገኛል። የእኛው 101 አካባቢ ነበር። የዚያን ቀን የደሴ መብራት ቴፕህ ደህና ነው አለኝ።

እናቴን እንደገና ጠራኋት። አንድ ዓረፍተ ነገር እንደሰማች አፏን በእጇ ያዘች። «እሷ ናት።»

ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን አያቴ በመሃል «ውይ፣ መብራት ሄደ! ድንጋይ አምጡ!» ትላለች። ልጄ፣ «ድንጋይ ምን ያደርግላታል?» አለች። እኛ አገር የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ እንደሚባል፣ ሲደክምም ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ ነገርኳት። ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄኛው አሳቃት።

ከዚያ በኋላ «እምምም» የለም፤ የአያቴ ድምፅም እየቀጠነ ይሄዳል። የደከመ ድንጋይ ሞተሩን ያዘገየዋል። ዘግይቶ የተቀረጸ ድምፅ ደግሞ በትክክለኛ ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል። ስለዚህ ቴፑን ተውኩትና ኮምፒውተሩ ላይ ቁራጭ በቁራጭ ማዘግየት ጀመርኩ። አሁን መለኪያዬ የእናቴ ጆሮ ብቻ ነው። «ትንሽ ዝቅ... በዛ፣ ወንድ አስመሰልካት... እ፣ እዚያ ጋ።» ድምፁ ከተስተካከለ በኋላም ንግግሩ ይፈጥናል። እሱን ልቀይር ስል እናቴ ከለከለችኝ። «ድንጋዩ ሳያልቅ ልትጨርስ ነው የምትጣደፈው። ተዋት።»

የመጨረሻው ጥቂት ሴኮንድ የወፍ ጫጫታ ብቻ ነበር። «ድሮም አይሰማም ነበር» አለች እናቴ። በግማሽ ፍጥነት ሞከርኩ፣ ከዚያም በታች። አያቴ ታንሾካሹካለች፦ «በዚያ ልጅ እጅ የላክሽው ብር ደርሶኛል። ለማንም አልነገርኩም።»

እናቴ ያን ዓመት፣ ሌላ ዘመድ ሳይሰማ፣ ለእናቷ ብቻ 200 ዶላር በአንድ የሰፈራችን ልጅ እጅ ልካ ነበር። ደረሰ የሚል መልስ ሳይመጣ አያቴ አረፈች። ያ ልጅ ዛሬ ሜሪላንድ የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ እናቴ ሠርግ ላይ እንኳ ሰላም አትለውም።

«ድገመው» አለች። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ከሰማች በኋላ መነጽሯን አወለቀችና፣ «ስልኬን አምጣልኝ» አለችኝ።