ተጨማሪ መረጃ፦ ሰውነታችን ስንት ጂ ይችላል?

በጅቡቲ ከተማ፣ በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የሚኖር ሰው የፈረንሳይ ሚራዥ 2000 ተዋጊ ጄቶችን ድምፅ ያውቀዋል። ጄቱ በኃይል ሲታጠፍ ፍጥንጥነቱ እስከ 9 ጂ ሊደርስ ይችላል። 1 ጂ ማለት የመሬት ስበት ፍጥንጥነት፣ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። በዚያች ቅጽበት 70 ኪሎ የሚመዝን አብራሪ 630 ኪሎ የሆነ ያህል ይከብደዋል። ደሙ ከጭንቅላቱ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ቀለም መለየት ያቅተዋል፣ ቀጥሎ ዓይኑ ይጨልማል፣ ከዚያም ራሱን ይስታል። ይህን ለመከላከል እግሩንና ሆዱን አጥብቆ የሚይዝ፣ አየር የሚሞላ ልብስ ይለብሳል።

የጠፈርተኞች ዘዴ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው፤ በጀርባ መተኛት! ጫናው ከደረት ወደ ጀርባ ስለሚሆን ደም ከአንጎል አይሸሽም፤ የሚከብደው መተንፈሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የሶዩዝ ሮኬት በጉዞ ላይ ተበላሽቶ ጠፈርተኞቹ ቫሲሊ ላዛሬቭና ኦሌግ ማካሮቭ ሲመለሱ ከ20 ጂ በላይ ደርሶባቸው በሕይወት ተርፈዋል።

የቆይታው ርዝመትም ወሳኝ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ስታፕ እ.ኤ.አ. በ1954 በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ሆኖ 46.2 ጂ የቻለው ፍሬኑ የያዘው ለአጭር ጊዜ ስለነበረ ነው። ያም ሆኖ ዓይኑ ደም ቋጥሮ ለጊዜው ማየት ተስኖት ነበር።