ኳስ የሌለበት የኳስ ሥዕል

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይከተላል። እናቴ ነፋስ የገነጣጠለው ጃንጥላ መስሏት ነበር። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ የጨርቅ ክምር ነው ብለው ደመደሙ። የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ግን ተጠግታ ትንሽ አየችውና ጣቷን መሃሉ ላይ አሳርፋ «ባት!» አለች። ልክ ነበረች። ከዚያ ሁሉ የቀለም ትርምስ ውስጥ በግልጽ የሚለየው ነገር እሱ ነው፤ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ፣ የተወጠረ የሰው ባት።

ሥዕሉ የጣሊያናዊው የኡምቤርቶ ቦቾኒ ሥራ ሲሆን «የእግር ኳስ ተጫዋች ዳይናሚዝም» ይባላል። የተሣለው በ1913 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ዋናው ሥዕል 193 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 201 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ዛሬ የሚገኘው ኒውዮርክ ባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ ውስጥ ነው። እኔ ያለኝ ማተሚያ ቤት ያሳተምኩት ቅጂ ነው። ዋናውን በነጻ ቢሰጡኝ እንኳ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ አዙሮ አያልፍም።

የሥዕሉን ትርምስ ለመረዳት ስሙን መያዝ ይጠቅማል። ዳይናሚዝም ሲሉ እንቅስቃሴን ብቻ ማለታቸው አይደለም፤ እንቅስቃሴውን የሚገፋው ጉልበትም አብሮ አለበት። ቃሉን የሙጥኝ ያሉት ፊውቸሪስቶች የተባሉት የጣሊያን ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች ናቸው። ገጣሚው ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ በየካቲት 20 ቀን 1909 የፓሪሱ «ለ ፊጋሮ» ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ የፊውቸሪዝምን መግለጫ አውጥቶ አሮጌውን ዓለም በይፋ ረገመ፤ መኪናን፣ ፍጥነትንና የፋብሪካ ጩኸትን አወደሰ፣ ሙዚየሞችም ይፍረሱ አለ። በዓመቱ ቦቾኒ፣ ካርሎ ካራ፣ ሉዊጂ ሩሶሎ፣ ጃኮሞ ባላና ጂኖ ሴቬሪኒ የሠዓሊዎቹን መግለጫ ፈረሙ። እዚያ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች በጣም የታወቀው የሚሮጥ ፈረስ እግሩ አራት ሳይሆን ሃያ ነው የሚለው ነው። ዓይናችን ያየውን ወዲያው አይለቅም፤ የፊተኛው እግር ምስል ሳይጠፋ ሁለተኛው ይደርሳል፣ ሦስተኛው ይደረባል።

ባላ ይህንን ቃል በቃል ወሰደው። በ1912 አንዲት እመቤት የምታንሸራሽራትን ትንሽ ውሻ ሣለ፤ የውሻዋ እግሮች እንደ ማራገቢያ ተበትነዋል፣ ጅራቷ ብዙ ሆኗል፣ ሰንሰለቱም አየር ላይ በየቦታው ይወዛወዛል። ያየሁት ጊዜ ሁሉ ያስቀኛል። ቦቾኒ ግን በዚህ አልረካም። እግር መደራረብማ ካሜራም ያውቅበታል፤ ፈረንሳዊው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ኤቲየን ዡል ማሬ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የሚራመድን ሰው ተከታታይ እርምጃዎች በአንድ የፎቶ መስታወት ላይ ያነሳ ነበር። ቦቾኒ የፈለገው ሌላ ነው። ለእሱ የሯጭ አካል ቆዳው ጋ አያበቃም። የሚሰነጥቀው አየር፣ የሚያርፍበት ብርሃን፣ ሊሄድበት ያሰበው አቅጣጫ፣ ሁሉም የሯጩ አካል ነው። አቅጣጫውን የሚያሳዩትን ሰያፍ ጨረሮች «የጉልበት መስመሮች» ይላቸዋል።

ይህ የሠዓሊ ፍልስፍና ብቻ ለሚመስለው አንድ የምናውቀውን ነገር ላንሳ። ሲድኒ፣ 2000፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20፣ ፖል ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። የመጨረሻዋን ቅጽበት ፎቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፎቶው ማን እንደቀደመ ይነግረናል፤ ነገር ግን ፎቶው ላይ ሁለቱም ቆመዋል፣ እንደ ሐውልት። ያን ዕለት ከመቀመጫችን ያስነሳን ግን ደረት ከደረት የቀደመበት ቅጽበት ብቻ አይደለም። ከመታጠፊያው ጀምሮ ክፍተቱ እየጠበበ የመጣበት ነገር ነው። እሱን ፎቶ አይዘውም። ቦቾኒ ሊይዘው የሞከረው ያንን ነው።

የእኛ ሠዓሊዎችም ጊዜን በሥዕል ውስጥ ለማስገባት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሳጥኖች ከፋፍለው የሚስሉትን አስቡ፤ ንግሥቲቱ በአንዱ ሳጥን ትነሳለች፣ በሌላው ትጓዛለች፣ በሌላው ትደርሳለች። ዓይን ከሳጥን ሳጥን እየዘለለ ጊዜውን ራሱ ይቆጥራል። ቦቾኒ መስመሮቹን አጥፍቶ ሳጥኖቹን ሁሉ አንድ ቦታ የደፋቸው ይመስለኛል።

አሁን ቀረብ እንበል። ከአንድ ክንድ ርቀት ሲያዩት ሥዕሉ ነጠብጣብና አጫጭር ጭረት ነው። ቦቾኒ በወጣትነቱ ሮም ውስጥ ከባላ የተማረው ዘዴ ነው፤ ቀለምን አይደባልቁም፣ ጎን ለጎን እያስቀመጡ ድብልቁን ለተመልካቹ ዓይን ይተዉለታል። ብርቱካንማው ከሰማያዊው፣ ቀዩ ከአረንጓዴው ጋር ሲጎራበት እርስ በርስ ይካሰሳሉ፣ ጠርዛቸውም ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ጭረቶቹ ተሰብስበው ጡንቻ ይሆናሉ። ከላይ የሚወርዱት ደብዛዛ የብርሃን ሰያፎች ሰውየውን አቋርጠውት ያልፋሉ፤ የት ላይ አካል እንደሆነ፣ የት ላይ አየር እንደሆነ መለየት ያቅታል። ኳሷን ብዙ ጊዜ ፈልጌአታለሁ፣ አላገኘኋትም።

ሮም ወይም ሚላኖ ዘመድ ያለው ሰው የቦቾኒን ሌላ ሥራ በኪሱ ሊያገኘው ይችላል። በጣሊያን የ20 ሳንቲም ዩሮ ላይ ያለው፣ ልብሱ በነፋስ የተበጠረ የሚመስለው ተራማጅ ሰው፣ ቦቾኒ በዚያው በ1913 የሠራው ቅርጽ ነው።

ወደማይጣፍጠው ልሂድ። ይህ ሥዕል ሙዚየም ከመግባቱ በፊት የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ነበር፤ ሮም፣ ማሪኔቲ መኖሪያ ውስጥ። ማሪኔቲ ገና በመጀመሪያው መግለጫው ጦርነትን ዓለምን የሚያጸዳ መድኃኒት አድርጎ ያወደሰ ሰው ነው። በኋላ ለሙሶሊኒ አደረ፤ በ1935 ደግሞ ወደ ስድሳ በተጠጋ ዕድሜው በገዛ ፈቃዱ ኢትዮጵያን ሊወር ዘመተ። «ጥቅምት 28» ከተባለው የጥቁር ሸሚዞች ክፍለ ጦር ጋር ነበር፤ ይህ ክፍለ ጦር የተዋጋው ተምቤን ላይ ነው፣ አያቶቻችን የመርዝ ጋዝ በዘነበባቸው ምድር። ከዘመቻው መልስም በ1937 መጽሐፍ አሳትሞ ተኩራራበት።

ቦቾኒ ያኔ ሞቶ ነበር። እሱም በ1915 ከማሪኔቲ ጋር በፈቃደኞች የብስክሌትና የመኪና ሻለቃ ገብቶ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ዘምቷል። ነሐሴ 1916 ቬሮና አጠገብ ልምምድ ላይ ሳለ ከፈረስ ወድቆ በ33 ዓመቱ ሞተ። የሚሮጥ ፈረስ ሃያ እግር አለው ብሎ የፈረመውን ሰው አራት እግር ያለው ፈረስ ገደለው። ሥዕሉ በኋላ የኒውዮርኩ የሥዕል ነጋዴ የሲድኒ ጃኒስ ሆነ፤ እሱም በ1967 ለሞማ ሰጠው። ጃኒስ ወደ ሥዕል ንግድ ከመግባቱ በፊት የሸሚዝ ፋብሪካ ነበረው። ከጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ወደ ሸሚዝ ሰፊ መሻገሩ ለሥዕሉ ዕድገት ነው።

ይህንን ታሪክ ለአባቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። አውርደው ይሉኛል ብዬ ነበር። «የአክሱምን ሐውልት ጭነው ሄደው ሮም አቁመውት አልነበር? እኛ ቤት አንድ ሥዕላቸው ቢሰቀል ምን አለበት» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ስለ አሰቃቀሉ ካነሳን፣ መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። መስታወት ባለው ፍሬም አስገጥሜ ሳሎን ከሶፋው በላይ ሰቀልኩት። ፊት ለፊቱ መስኮት ነው፤ ቀን ቀን መስታወቱ ላይ የሚታየው የመጋረጃችን ጥላ፣ ማታ ማታ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ዜና ነበር። የመጀመሪያው ኅትመትም ጉዳይ ነበረበት፤ ፋይሉ አነስተኛ ስለነበር ጭረቶቹ ተጨፍልቀው አረንጓዴው ጭቃ መስሎ ወጣ። ለሌላ ሥዕል ይህ ትንሽ እንከን ነው፤ ለዚህኛው ግን ጭረቶቹ ከጠፉ ሥዕሉም ጠፋ ማለት ነው። ሠዓሊው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ሥዕሉ ባለመብት የለበትም፤ ጥራት ያለው ፋይል ፈልጎ ማሳተም ይቻላል። ሁለተኛውን ካንቫስ ላይ 90 በ94 ሴንቲ ሜትር አሳተምኩት። ምጥጥኑን መጠበቅ ግድ ነው፤ ለሶፋው እንዲመጣጠን ጎኑን የለጠጠ ሰው ባቱን ያወፍረዋል።

ቦታውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ በድሪል በስተን ፊሸር እስክንከት ድረስ ካንቫሱን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አስደግፌው ነበር። ማታ ከመኝታ ቤት ስወጣ አየሁት። ከስድስት ሜትር ላይ አንድ የሚሮጥ ነገር አለ፤ ስጠጋ ባቱ ወጣ፣ ጨረሮቹ ተከፈቱ፤ አጠገቡ ስደርስ ሁሉም ተበትኖ ጭረት ሆነ። ሶፋ ላይ ተቀምጬ አንድ ወር ሙሉ ያላየሁትን በዐሥር እርምጃ አየሁት። እንግዲህ እንዲህ ዓይነቱን ሥዕል መስቀል የፈለገ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው ሳይሆን ወደ እሱ የሚራመድበት ቦታ ይፈልግለት። መሃሉን ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያድርገው፣ መብራቱን ከጎን ሳይሆን ከላይ ያውርድለት፣ ቀጥታ ፀሐይም አያግኘው፤ የኅትመት ቀለም ይለቃል።

የኮሪደሩ ጉድለት አንድ ነው። የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ እዚያው ኳስ ትጫወታለች። ባለፈው የካንቫሱ ግራ ጥግ ላይ የኳስ ምልክት አገኘሁ፤ ክብ፣ አቧራማ፣ የስፌቱ መስመር ሳይቀር የታተመበት። እርጥብ ጨርቅ ይዤ መጣሁና ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ብዬ አየሁት። ጨርቁን መልሼ ሰቀልኩት።