ምክር ቤቶች የተተከለውን ይቆጥራሉ፤ የሚታጠበውን አፈርስ?

ሐዋሳ ውስጥ አሞራ ገደል ማለዳውን ነው ሥራ የሚጀምረው። መረብ ጥለው ያደሩ ጀልባዎች ወደ ዳር ይጠጋሉ፤ ቆሮሶው፣ አምባዛውና ቢልጫው ይራገፋል። ቢላ የያዙ ወጣቶች ቅርፊቱን ገፈው ሥጋውን ከአጥንት ይለያሉ። ሾርባ የሚያፈሉ፣ የሚጠብሱ፣ መረብ የሚጠግኑ፣ ጎብኚ በጀልባ የሚያዞሩ፣ ደጅ ላይ ባጃጅ አቁመው የሚጠብቁ ሁሉ የዕለት እንጀራቸው ከዚያው ውሃ ነው። አባ ኮዳዎቹ እንኳ ሥራ አላቸው፤ ትርፍራፊውን ያነሳሉ፣ በዚያው ፎቶ ይነሳሉ።

ከሐይቁ ዳር ወጣ ሲባል የሐይቁ እንጀራ አያልቅም። ሆቴሎቹና ሎጆቹ አልጋቸውን የሚሸጡት ሐይቁ በመስኮት ስለሚታይ ነው። የሐይቅ ዳር መሬት ሊዝ ዋጋው ከሌላው የሚለየውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የፍቼ ጨምበላላ በዓል በጉዱማሌ ሲከበር ከተማዋን የሚሞላት እንግዳም የሚያርፈው በዚሁ ውሃ ዳር ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ይህ ሁሉ ገቢ በየዓመቱ ለምክር ቤት በሚቀርበው ሪፖርት ውስጥ የሐይቁ ተብሎ የሚታየው በየትኛው ገጽ ነው?

የምክር ቤት ጉባኤ የተከታተለ ሰው የሪፖርቱን አወራረድ ያውቀዋል። ግብርና ስንት ኩንታል እንደተመረተ ያቀርባል፤ ኢንቨስትመንት ስንት ባለሀብት ፈቃድ እንደወሰደ፣ ገቢዎች ስንት ብር እንደተሰበሰበ። የተፈጥሮ ሀብት ተራ ሲደርስ ግን አቆጣጠሩ ይለወጣል። ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ይህን ያህል ሄክታር በእርከን ተሸፈነ፣ ይህን ያህል ሕዝብ በተፋሰስ ልማት ተሳተፈ ይባላል። ተፈጥሮ በሪፖርቱ ውስጥ ጉልበትና ገንዘብ የሚወጣባት እንጂ ገቢ የምታስገባ ሆና አትታይም። ወጪ ብቻ ሆኖ የሚታይ ዘርፍ ደግሞ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነስ ነው።

የችግኝ ቆጠራው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሕዝብን ያነቃነቀው ያ ቁጥር ነው። ነገር ግን አርሶ አደር ዘር ስንት ኪሎ እንደዘራ ሳይሆን ስንት እንዳፈሰ ነው የሚጠየቀው። ለችግኝም ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመው ስንት ነው፣ በሥሩ የበቀለው ሣርስ ለስንት ከብት መኖ ሆነ ብሎ መጠየቅ የምክር ቤት ድርሻ ነው።

ለምን ይህ ጥያቄ በሐዋሳ ከሌላው ቦታ ይልቅ እንደሚያስቸኩል ለመረዳት ሐይቁን ማወቅ ይጠይቃል። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ከፍ ባለበት ቦታ ከ22 ሜትር ብዙም አያልፍም። በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለትም አንድ ወንዝ ብቻ ነው፤ ጥቁር ውሃ። ስለዚህ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ደለል፣ ፕላስቲክ፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከከተማው የወረደ ፍሳሽ፣ ሁሉም መውጫ በሌለው ዕቃ ውስጥ እንደተጨመረ ነው።

ጥቁር ውሃ የሚነሳው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ጨለለቃ በ1960ዎቹ አጋማሽ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነበር። ዛሬ ሣር የበቀለበት፣ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ነው። ከወንዶ ገነት ተራሮችና ከዙሪያው ደጋ የታጠበው አፈር ሞላው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አንድ ሐይቅ ጠፍቷል ማለት ነው። ጨለለቃ ለታላቁ ሐይቅ እንደ ወንፊት ነበር፤ ደለሉን እዚያው ያስቀረው ነበር። ወንፊቱ ሲደፈን የሚቀጥለው ተረኛ ማን እንደሆነ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያሻም።

የውሃው ከፍታ አንዳንዶችን ያዘናጋል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ የሐይቁ ውሃ ከፍ ብሎ ከተማዋን አስግቶ ስለነበር በዳርቻው የጎርፍ መከላከያ ግድብ ተሠራ። ዛሬም ውሃው ሞልቶ ሲታይ ሐይቁ ጤነኛ ይመስላል። ከተራቆተ መሬት ዝናቡ ወደ ውስጥ ሳይሰርግ በጎርፍ መልክ ወዲያው ይወርዳል፤ የታችኛው ወለል ደግሞ በደለል ከፍ ይላል። የውሃ መሙላት የጤንነት ምልክት ላይሆን ይችላል።

ይህን ለአርሶ አደሩ በራሱ መለኪያ ማስላት ይቻላል። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የጥፍር ውፍረት ያህል ነው፤ ባለማሳው በዓይኑ ላያየው ይችላል። 10 ሜትር ኩብ ግን የአንድ ሲኖትራክ ጭነት ከግማሽ በላይ ነው። የሚሄደውም የላይኛው፣ ለሙ አፈር ነው፤ በውድ የተገዛው ኤንፒኤስ የያዘው ፎስፈረስ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ አብሮ ይወርዳል። ሐይቅ ሲደርስ ዋቅላሚን ይመግባል፤ ዋቅላሚው በዝቶ ሲሞትና ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው ይታፈናል። አንዱ አርሶ አደር ማሳው ላይ የጎደለበት ማዳበሪያ ታች ያለውን የዓሣ አስጋሪ ኑሮ ይጎዳል። ሁለቱም ኪሳራዎች በየትኛውም የሴክተር ሪፖርት ውስጥ አይገኙም።

እንዲያውም አሁን ያለው አቆጣጠር ጥፋቱን እድገት አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከወንዝ ዳር የወጣ አሸዋ ሲሸጥ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል፤ አሸዋው ከወጣበት የተከፈተው ቦረቦር ግን በማንም ሒሳብ ላይ ዕዳ ሆኖ አይጻፍም። ጠባብ ቀዳዳ ባለው መረብ ጫጩት ዓሣ ሲሰገር የዓመቱ የዓሣ ምርት ከፍ ብሎ ይታያል፤ የሚቀጥለው ዓመት ጉድለት ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥ ይባላል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. አገሮች ደናቸውን፣ ውሃቸውንና ረግረጋቸውን እንደ ሀብት በሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ የሚያስችል ሥርዓት ያጸደቀው የዓለም ኢኮኖሚ በሙሉ ይህን ስህተት ሲሠራ ስለኖረ ነው።

ሳይቆጥሩ መኖር የሚያስከትለውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐሮማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ፣ ለዙሪያው አርሶ አደር ደግሞ የጫትና የአትክልት መስኖ ነበር። ሁሉም ፓምፑን ተከለ፤ ስንት እንደሚቀዳና ስንት እንደሚተካ የጠየቀ አካል አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ፤ ሐረርም ውሃዋን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ለማምጣት ተገደደች። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሷል። የተመለሰው ግን አንድ ከተማ ብዙ ወጪ ካወጣ በኋላ ነው።

ወደ ሐዋሳ ስንመለስ ምክር ቤቶቹ እጃቸው ላይ ምን አለ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ማንኛውም የልማት ፕሮግራም የአካባቢን ደኅንነት የማያናጋ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ተመርምሮ ሳይፈቀድለት ወደ ሥራ እንዳይገባ ይከለክላል። ሕግ አልጠፋም። የሚጠፋው ፈቃዱ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት በኋላ በግምገማው ላይ የተገባው ቃል ተፈጽሟል ወይ ብሎ የሚመለስ ሰው ነው። ለዚህ ቋሚ ኮሚቴዎች የመስክ ምልከታ አላቸው፤ የኦዲት መሥሪያ ቤት የክዋኔ ኦዲት አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጀት የማጽደቅ ሥልጣን አለ።

የኢንዱስትሪውን ነገር እንውሰድ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከፋብሪካዎቹ ባልተናነሰ የተወደሰው ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት፣ ወደ አካባቢው የማይለቅ የተባለው ማጣሪያው ነው። ሐይቅ አጠገብ ፋብሪካ መትከል ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ሆኖም ማጣሪያ ማሽን ነው፤ ኤሌክትሪክ፣ ኬሚካልና ጥገና ይፈልጋል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አገራችን ከአሜሪካ የአጎዋ የንግድ ዕድል ስትወጣ እንዳየነው የፋብሪካ ሥራ በሌላ አገር ውሳኔ ሊቀዛቀዝ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማጣሪያው ወጪ ይሸፈናል ወይ? ይህ ጥያቄ ለባለሀብቱ የሚመች አይደለም፤ ግን የምክር ቤት አባል የተመረጠው የሚመቸውን ለመጠየቅ አይደለም። መለኪያ የሚሰጥ ባለሙያም እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። ያኔ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዝናቡ ገብረ ማርያምና ዘሪሁን ደስታ የሐዋሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ በውሃ ውስጥ ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጥንተው ካሳተሙ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል።

ከባዱ ነገር ወሰን ነው። የሐይቁ ተፋሰስ 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፊሉ በሲዳማ ክልል፣ ከፊሉ ደግሞ በኦሮሚያ ምዕራብ አርሲ ዞን ውስጥ ነው። ጎርፍ የምርጫ ክልል አያውቅም። የሐዋሳ ከተማ ምክር ቤት ሐይቁን እንጂ ተራራውን አያዝዝም፤ ተራራውን የሚያስተዳድረው ወረዳ ደግሞ ከሐይቁ ገቢ የሚደርሰው የለም። መቀመጫው ሐዋሳ የሆነው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ መሥሪያ ቤት እዚህ ላይ ድልድይ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሁለቱ ክልሎች ምክር ቤቶች ቋሚ ኮሚቴዎች በአንድ መኪና ከወንዶ ገነት እስከ ጥቁር ውሃ ድልድይ ወርደው በጋራ ካላዩት የባለሙያው ሰነድ ሰነድ ሆኖ ይቀራል።

የላይኛው አርሶ አደር ጥያቄ መመለስ ያለበትም እዚህ ነው። እርከን መሬት ይወስዳል፤ ከንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ ግጦሽ ይቀንሳል። ጉልበቱ የእሱ፣ ጥቅሙ የከተማው ከሆነ በየጥሩ በዘመቻ የወጣው እርከን በየክረምቱ ቢፈርስ ምን ይገርማል? በነጻ ጉልበት ብቻ ተፋሰስ ይለማል ብሎ ማቀድ ለዚህ ጸሐፊ ሚዛናዊ አይመስለውም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ጎረቤታችን ወላይታ ያሳያል። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከጉቶና ከሥር እንዲያገግም ተደርጎ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ሥርዓት ተመዝግቧል። የዓለም ባንክ የካርበን ፈንድ ገዢ ሆነ፤ ገንዘቡ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለአርሶ አደሩ ደርሶ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ተሠራበት። ተራራው ሲጠበቅ ገቢ መጣ፤ ገቢው ሲመጣ ጠባቂው የመንደሩ ሰው ራሱ ሆነ። በኬንያም እንደ ሐዋሳ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ በሆነው ናይቫሻ ታች ያሉ የውሃ ተጠቃሚዎች፣ የአበባ እርሻዎችን ጨምሮ፣ ላይ አፈር ለሚጠብቁ ገበሬዎች የግብርና ግብዓት መግዣ ኩፖን የሚሰጡበት አሠራር ተሞክሯል። የሐዋሳ ሆቴል ከአንድ አልጋ ጥቂት ብር፣ የጀልባ ማኅበሩ ከአንድ ዙር ጥቂት ሳንቲም ለወንዶ ገነት እርከን ቢያዋጣ ምን ያህል ይሆናል? ስሌቱን ሠርቶ ለጉባኤ እንዲያቀርብ የገቢዎችን መሥሪያ ቤት ማዘዝ የምክር ቤት ሥልጣን ነው።

በነገራችን ላይ በሲዳማ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። በፍቼ ጨምበላላ የጎሳ መሪዎች ለሕዝቡ ከሚያስተላልፏቸው መልእክቶች አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚል ነው፤ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ራቁ ከሚለው ጋር በአንድ ረድፍ። ዛፍ መቁረጥን ከሌብነት እኩል ያስቀመጠ ባህል በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ውስጥም ቢገኝ ለማንም አይከብድም።

አርሶ አደሩ፣ ዓሣ አስጋሪውና የከተማው ነዋሪም ምክር ቤቱ እስኪጠይቅ መጠበቅ የለባቸውም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ በእሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚበክል ወይም ሊበክል በሚችል አካል ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብና የተቀባዩን ማኅተም ያረፈበት ቅጂ መያዝ፣ አንዱን ቅጂም ለቀበሌው የምክር ቤት ተመራጭ መስጠት ይጠቅማል፤ ተመራጩ በሚቀጥለው ጉባኤ ሲቆም የሚይዘው ወረቀት ይኖረዋል።