የካላዛር ሕክምና ጎንደር ላይ ተፈተነ፤ ሂሳቡን ማን ከፈለ?

በየዓመቱ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከወገራ ደጋ ብዙ ወጣቶች ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ማሽላ ሊያርሙ፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ። አንዳንዶቹ ታዲያ ከደመወዙ ጋር የማይለቅ ትኩሳትና ያበጠ ሆድ ይዘው ይመለሳሉ። በሽታው ካላዛር ይባላል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በተሰነጣጠቀ መረሬ አፈርና በግራር ሥር አትጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ ይሞታል።

ዛሬ ግን የምናወራው ስለ በሽታው ብቻ አይደለም። ሕክምናውን ለማግኘት የተሠራውን ምርምር ማን እንደከፈለው፣ ማንስ እንደሚወስን እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ጎንደር ምን ሠራች?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። ማዕከሉ በ2003 ከተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ተመራማሪዎች መረብ ጋር ይሠራል። ድሮ ታማሚው 30 ቀን ሙሉ ይወጋ ነበር። ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ሲሞከር 17 ቀን በቂ ሆኖ ተገኘ። 13 ቀን ቀነሰ ማለት ነው፤ ለቀን ሠራተኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ላይ ለያዛቸው ደግሞ ጎንደርና አብደራፊ ላይ ጥናት ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 መመሪያውን ሲቀይር ይህን ውጤት ተጠቅሟል።

ገንዘቡስ?

በአብዛኛው ከውጭ ነው፦ ከአውሮፓ መንግሥታት፣ ከአውሮፓ ኅብረትና ከበጎ አድራጊዎች። አስተባባሪው ዲኤንዲአይ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ መቀመጫው ጄኔቫ። ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው። ካላዛር የድሃ በሽታ ስለሆነ የመድኃኒት ኩባንያ አያተርፍበትም። ስለዚህ የውጭ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ ሰው ይሞት ነበር። ይሄን መካድ አይቻልም።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ፈቃዱ የኛ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅዱ የመድኃኒት ሙከራ አይጀመርም። ግን "አይሆንም" ማለት መቻልና "ይሄ ይጠና" ማለት መቻል ይለያያሉ። የሚጠናውን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያለው ነው። ገንዘቡ የቆመ ቀንም ሥራው ይቆማል። በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በድንገት ስታግድ አፍሪካ ውስጥ የሕክምና ሙከራዎች መሃል ላይ ተቋርጠዋል።

አንዳንድ ምርምር ደግሞ በባሕርዩ ረጅም ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ከ1996 ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ጤና ቤት ለቤት ይከታተላል። እንዲህ ያለ ሥራ በሦስት ዓመት ፕሮጀክት አይዘለቅም።

የኛ ድርሻ ስንት ነው?

የአፍሪካ አገሮች ከዓመታዊ ምርታቸው 1 በመቶ ለምርምር ሊያወጡ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ በ2017 ያወጣችው ከ0.3 በመቶ በታች ነው። ከ100 ብር 30 ሳንቲም አይሞላም ማለት ነው። አስተዳደሩም አልረጋም፦ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2018 ተቋቁሞ በ2021 ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃሏል።

ምን ይደረግ?

እኛ እንደምናስበው የውጭ ገንዘብ ይምጣ፣ ግን መነሻ የሚሆን የራሳችን ገንዘብ ይኑር። ትንሽም ቢሆን በየዓመቱ የማይቋረጥ፣ በውድድር የሚሰጥና ማን እንደወሰደው ለሕዝብ የሚገለጽ። ያኔ ተመራማሪው "ምን ፈልጋችኋል?" ብሎ ሳይሆን "ይሄን እንሥራ" ብሎ ይደራደራል።

እስኪ እናንተ ብትወስኑ በአካባቢያችሁ መጀመሪያ ምን ይጠና ትላላችሁ? ጻፉልን። ወደ ቆላ ለሥራ ለሚወርድ ወዳጃችሁም ይሄን ላኩለት፦ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ካለው "ወባ ነው" ብሎ አይተወው፤ ይመርመር።